መላጥያው ሳጥኑ ውስጥ ነው

ጓዶች፣ ቁጭ በሉ። ቁጭ ያላችሁም ተደገፉ። ዛሬ በሁለት አህጉር፣ በአንድ ጊዜ፣ በላይቭ ተዋርጃለሁ!

ከነገ ጀምሮ እዚህ ጆበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ውስጥ "ቤቲ የምትባል ልጅ ታውቃላችሁ?" ብሎ የጠየቃችሁ ሰው ካለ አታውቁም። እሺ?

ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ኤርሚን ታውቁታላችሁ። (ለአዲስ ፎሎወሮች፦ ኤርሚ እጮኛዬ ሊሆን ጫፍ ደርሶ ያልሆነ ሰው ነው።)

ያልሆነው በእናቱ ምክንያት ነው።

እትዬ አስቴር ይባላሉ። ትሮይቪል ነው የሚኖሩት። ሆሳዕና ተወልደው፣ ጆበርግ ልጅ አሳድገው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው የእህቶች ኅብረት መሪ የሆኑ የተከበሩ ሴት ናቸው። ወላጆቼን ይወዷቸዋል። ሥራዬን ይወዱታል። ቁመቴን ሳይቀር ወደውታል። ሽማግሌ ለመላክ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራቸው።

"ልጅቷ አማርኛ ታወራለች፣ እሱ አልጠፋኝም" አሉት ለኤርሚ። "እኔ የምናገረውን ትሰማለች ወይ?"

ሃይቦ!

እኔ? እኔ ቤቲ? ገና ሕፃን ሆኜ ከአዲስ አበባ የመጣሁ ብሆንም፣ እናቴ እቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ከመለስኩላት እንዳልሰማ ሰው ጥላኝ የምትሄድ? መንገድ ላይ ታክሲ ሲገፋኝ እንኳን መጀመሪያ የሚወጣኝ ስድብ የአማርኛ ነው እኮ!

በሆዴ ያልኩትንም ልንገራችሁ፣ መናዘዝ ከጀመርኩ አይቀር። "የእሳቸውስ አማርኛ የሆሳዕና አይደል እንዴ?" አልኩ።

ይቺን ያዙልኝ። ዋጋዬን የሰጠችኝ እሷ ናት።

እንግዲህ የኮሮናው ገደብ ወደ ሌቨል ፎር ተመለሰ፣ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፣ እትዬ አስቴር ክፉኛ ከፋቸው። አምና ከኅብረቱ ጋር ኢየሩሳሌም ሊሄዱ ነበር። ሻንጣው ታጭቆ፣ ተቆልፎ፣ በር ጋ ቆሞ ኮሮና መጣ። ሻንጣው እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል! አልፈታም ብለዋል። "ደህናው ፒጃማዬ ሻንጣ ውስጥ ነው" እያሉ በተቀደደው ነው የሚያድሩት።

ኤርሚ ደወለልኝ። "ቤቲ፣ እማዬ መሳቅ አቁማለች። እባክሽ አንድ ነገር ፍጠሪ።"

የምሠራው ትራቭል ኤጀንሲ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ሰው የትም መላክ ስላልቻልን ቱሩን በዙም ነው የምንሸጠው። እዚያ ማዶ አንዲት ጋይድ ስልኳን በዘንግ ሰክታ ትዞራለች፣ እናንተ እዚህ ሶፋ ላይ ተጋድማችሁ ሙዚየም ታያላችሁ።

ብልጭ አለልኝ!

ለኅብረቱ እህቶች ቱር አዘጋጃለሁ። አስተርጓሚዋ እኔው ራሴ! ሽርሽሩም የአማርኛ ፈተናውም በአንድ ቀን ያልቃል!

የትኛው ጋይድ ክፍት እንደሆነ አየሁ። ማልታ። ሜዲትራኒያን መሃል ያለች ሚጢጢ ደሴት። አሮጌ ከተማ አላት፣ ቤተ ክርስቲያን አላት፣ ሙዚየም አላት። ያዝኩት።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር።

ግን ቤቲ መች ታቆማለች!

"ትንሽ ስጦታ ልጨምርበት" አልኩ። ለእትዬ አስቴር ዋትሳፕ ላይ ጻፍኩላቸው፦ "እትዬ፣ ከሁሉ በላይ የሚመኙት ነገር ምንድን ነው?"

ቮይስ ኖት መጣ። ከኋላ ዘይት ይንጫጫል፣ ድንች እየጠበሱ ነበር መሰለኝ።

"ምንም አልፈልግም ልጄ፣ ተባረኪ። ብቻ... መላጥያን ባየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ እሷን እንደተመኘሁ ነው። በዚህ ኮሮና ግን እንዴት ተደርጎ! ሁሉ ነገር ተዘግቷል።"

መላጥያ።

ደግሜ ሰማሁት። መ... ላ... ጥ... ያ።

መላጫ!

ውይ ምስኪን! ሴትየዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንች በቢላ ሲልጡ ኖረዋል ማለት ነው! "መላጫ" ማለት ስላልሆነላቸው "መላጥያ" ይላሉ፣ የአገራቸው አነጋገር ነው፣ አልኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ እኮ! ከልጅነታቸው ጀምሮ!

ኤርሚን ለምን አልጠየቅሽውም ትሉኛላችሁ። ሰርፕራይዝ ነዋ! ደግሞስ ምኑን ልጠይቀው? አማርኛ እችል የለም እንዴ?

ጂፒ ወረድኩ። ለማታውቁት፣ ጂፒ መሃል ከተማ ያለው የእኛ ሰው ገበያ ነው። ባለ ሱቁን "ያለህን ትልቁን የድንች መላጫ" አልኩት።

አንድ ማሽን አወጣልኝ። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ይታሰራል፣ ድንቹ ይሰካል፣ እጀታውን ስታዞሩት ልጣጩ ረጅም ሆኖ ይወርዳል። "ሲስተር፣ ይሄን ሬስቶራንቶች ናቸው የሚገዙት" አለኝ።

"ለአማቴ ነው!"

"ምን አድርጋሽ ነው?" አለኝ።

አልሰማሁትም። የወርቅ ቀለም ባለው ወረቀት ጠቀለልኩት። ቀይ ሪባን አሰርኩበት። ካርድ ጻፍኩ፣ በአማርኛ፣ በገዛ እጄ፦ "ለእትዬ አስቴር፦ ከልጅነትዎ ጀምሮ የተመኟት መላጥያ ይችውልዎ! ልጅዎ ቤቲ።"

"መላጥያ" ብዬ የጻፍኩት እሳቸው እንደሚሉት ነው። እንዳያፍሩ ብዬ! ጨዋነቴን አያችሁልኝ?

ኤርሚ በር ድረስ መጥቶ ሳጥኑን ወሰደ። "ቱሩ ሲያልቅ ካሜራ ፊት ነው የሚከፈተው" ብዬ አስጠነቀቅኩት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዙሙ ተከፈተ።

እህቶች ከዱርንፎንቴንም ከትሮይቪልም ገቡ። ግማሾቹ የቤታቸውን ጣራ እያሳዩን ነው። አንዷ ጆሮዋን ብቻ ነው ያመጣችው።

እትዬ አስቴርስ? ካፖርት ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ማስክ አድርገው፣ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አቁመው!

"እትዬ፣ ማስኩን ማውለቅ ይችላሉ፣ እቤትዎ ነው ያሉት።"

"አይ ልጄ፣ የሰው አገር ልንሄድ ነው" አሉኝ።

ጎናቸው ጋሽ ደሳለኝ ተቀምጠዋል፣ የኤርሚ አባት። ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ለምልክት እንኳን አንድ ፀጉር የሌለ። (የፀጉሩን ነገር በምክንያት ነው ያነሳሁት።)

"ዛሬ የምንሄደው ማልታ ነው!" አልኩ በደስታ።



"ማልታ?" አለች ባለ ጆሮዋ። "የሚጠጣው?"

"አይ፣ ደሴት ናት።"

እትዬ አስቴር ቅር እንዳላቸው በማስክ ውስጥ እንኳን ታየኝ። "እሺ፣ ምን ይደረጋል፣ ያገኘሽውን ነው እንግዲህ" አሉ።

ጋይዷ ማሪያ ትባላለች። ደስ የምትል፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ናት። ሽቅብ በሚወጣ ጠባብ መንገድ ይዛን ሄደች። ግራና ቀኙ ከእንጨት የተሠራ፣ አረንጓዴና ቀይ የተቀባ በረንዳ ነው። እንዴት እንደሚያምር!

"በርግላር የለውም እንዴ?" አሉ ጋሽ ደሳለኝ።

ማሪያን ጠየቅኳት። በርግላር ባር ምን እንደሆነ አታውቅም! መስኮት ላይ የሚበየድ ብረት ነው ብዬ አስረዳኋት። "ለምን?" አለችኝ። እሷም እኛም ተዛዘንን።

ከዚያ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ገባን። ስሙ ኮ ካቴድራል ነው። ኮ በአማርኛ ምንድን ነው? ጊዜ የለም!

"ይሄ ምክትል ካቴድራል ነው" አልኩ።

"ምክትሉ እንዲህ ከሆነ ዋናው ምን ሊሆን ነው!" አሉ እህቶች፣ ወርቁን እያዩ።

"የምታዩት የእብነ በረድ ወለል በሙሉ መቃብር ነው" አልኩ። እትዬ አስቴር እግራቸውን ከገዛ ሳሎናቸው ምንጣፍ ላይ አነሱ! ከካቴድራሉ እስክንወጣ አላወረዱትም።

"እነማን ናቸው የተቀበሩት?" አሉ።

ናይትስ ናቸው። ናይት በአማርኛ? "የብረት ልብስ የሚለብሱ... የብረት ነገር ፊታቸው ላይ የሚያደርጉ ሰዎች..."

"በያጆች ናቸው?" አሉ ጋሽ ደሳለኝ።

"አዎ" አልኩ። ምን ላድርግ! የማልታን ታሪክ ለበያጆች አስረክቤ ወደ ሙዚየሙ አለፍኩ።

ሙዚየሙ ውስጥ ከጥንት ቤተ መቅደስ የመጡ ድንጋዮች አሉ። "ይሄ ከፒራሚድ ይበልጣል" ብዬ ተረጎምኩ።

"ይቺ?"

"በዕድሜ! በዕድሜ ነው የምትበልጠው!"

ሁሉም ሳቁ። ግን ደግ ሳቅ ነበር። እትዬ አስቴርም ሳቁ! ማስኩ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት። ኤርሚ ከዚያው ቤት ሆኖ ጻፈልኝ፦ "እየሳቀች ነው! ቤቲ፣ አንደኛ ነሽ!"

ተንሳፈፍኩ ነው የምላችሁ። በሐሳቤ ሽማግሌዎቹን ሳሎናችን አስገብቼ፣ አስቀምጬ፣ ለስላሳ እየቀዳሁላቸው ነበር።

መጨረሻ ላይ ማሪያ አንዲት ቀጭን መንገድ ውስጥ የተደበቀች ቤተ ክርስቲያን አስገባችን። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችን። እኔም ተረጎምኩ፦ "ሐዋርያው ጳውሎስ በመርከብ ሲሄድ መርከቡ እዚህ ደሴት ዳርቻ ላይ ተሰበረ። የደሴቲቱ ሰዎች በዝናብና በብርድ የተመቱትን እንግዶች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። ከዚያ ከጭራሮው ውስጥ እባብ ወጥቶ የሐዋርያውን እጅ..."

"ቆይ!"

እትዬ አስቴር ማስካቸውን አወለቁ። ብድግ አሉ።

"ይሄ መላጥያ ነው!"

እህቶች በሙሉ ማይክ ከፈቱ። "መላጥያ ነው እኮ! ኧረ መላጥያ ነን!" እልልታ! በዙም እልልታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው። እትዬ አስቴር ሁለት እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ።

እኔስ ምን አልኩ?

እስቲ ገምቱ። የኔን ብልህነት ታውቁ የለ?

"አይደለም እትዬ" አልኩ፣ በትህትና፣ ፈገግ ብዬ። "ይሄ ማልታ ነው። መላጥያው ሳጥኑ ውስጥ ነው።"

እልልታው ቆመ።

"ምን ውስጥ?" አሉ።

"ሳጥኑ ውስጥ! ሰርፕራይዝ ነበር! ይክፈቱት እንጂ!"

(እዚህ ላይ እንኳን መትረፍ እችል ነበር። "ኔትወርክ እየተቆራረጠብኝ ነው" ማለት ምን ነበረበት?)

እትዬ አስቴር ግራ እንደገባቸው ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሪባኑን ፈቱ። ካርዱን ጮክ ብለው አነበቡት። "ከልጅነትዎ... ጀምሮ... የተመኟት... መላጥያ... ይችውልዎ።" ወረቀቱን ገለጡ። ማሽኑን አወጡ። እጀታውን አንድ ጊዜ አዞሩት።

ክርርር።

ማልታ ውስጥ ማሪያ ስልኳን ይዛ እንደቆመች ናት። "ደስ አላቸው?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ጋሽ ደሳለኝ ማሽኑን አዩት። ካርዱን አዩት። ቀስ ብለው እጃቸውን ወደ መላጣቸው ሰደዱ።

"ለእኔ ነው?" አሉ።

ዮህ! ዮህ! ዮህ!

"ኧረ አይደለም ጋሼ! ለድንች ነው! እትዬ እንዲያው ሲመኙ... መላጫ... እንዲህ ሲያዞሩት..." እያልኩ በባዶ እጄ አየር ላይ ማዞር ጀመርኩ። አፌ ተከፍቷል፣ አንድ ዓይኔ ተጨፍኗል፣ እጄ የሌለ ድንች ይልጣል።

ድርግም!

ሎድሸዲንግ! የመብራት ፈረቃ!

ሮዘተንቪል ጠፋ። ራውተሩ ጠፋ። እኔም ከዙሙ ጠፋሁ። ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋሁም። ያ ፊቴ እነሱ ስክሪን ላይ ደርቆ ቀርቷል!

አሁን የዋትሳፕ ስቲከር ሆኛለሁ። ከሥሩ "መላጥያው ሳጥኑ ውስጥ ነው" ይላል። ማን እንደሠራው አላውቅም፣ ባለ ጆሮዋን ነው የምጠረጥረው።

ወደ ኩሽና ሮጥኩ። "እማዬ፣ መላጥያ ምንድን ነው?"

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። "በቤተ ክርስቲያን አማርኛ ማልታ ማለት ነው። ምነው?"

ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ።

"ለካ ይሄንንም አታውቂም" አለች። "ስምሽ ማነው?"

"ቤተልሔም።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"የ... የቦታ ስም።"

"ጎሽ" ብላኝ ወጣች።

አሁን ገባችሁ? ሴትየዋን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኟት ደሴት ድረስ ወስጄ፣ እዚያው መሃሏ አቁሜ፣ "እዚህ አይደሉም" ብዬ ተከራከርኳቸው! በእሷ ፈንታ የድንች መላጫ ሰጠኋቸው! አነጋገራቸውን የማርምላቸው መስሎኝ!

መሳቅ ትችላላችሁ። እኔ ግን ያኔ አልሳቅኩም። አልጋዬ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ፈተናው "የምናገረውን ትሰማለች ወይ" ነበር። አልሰማሁም። ኤርሚን በዚህ ምላሴ አጣሁት አልኩ።

ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስቴር።

አላነሳሁም። እንደገና ጮኸ። አነሳሁ።

"ቤተልሔም" አሉ። ሙሉ ስሜን! አለቀልኝ።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ..."

"ዝም በይና ስሚኝ። መስማት መቼም አንድ ቦታ መጀመር አለበት።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ።

"አንቺ ስትጠፊ የማልታዋ ልጅ አልሄደችም። ኤርሚ በእንግሊዝኛ ነገራት፣ ባሕሩ ድረስ ይዛኝ ሄደች። ድንጋዩን አየሁት። ማዕበሉን አየሁት። ጆበርግ የገባሁ ቀን ዱርንፎንቴን ውስጥ መንገድ ጠፍቶኝ፣ የዚህ አገር ሐምሌ ብርዱን ታውቂዋለሽ፣ ቀጭን ልብስ ለብሼ ስንቀጠቀጥ አንዲት ሴት አየችኝ። የዚህ አገር ሴት። ቆርቆሮ ውስጥ እሳት አንድዳ በቆሎ ትጠብሳለች። እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እኔ ቋንቋዋን አላውቅ፣ እሷ ቋንቋዬን አታውቅ። አባቴ ያቺን ደሴት ሲተርክልን አላምነውም ነበር፣ ለማያውቁት ሰው ማን እሳት ያነድዳል እል ነበር። ያን ቀን አመንኩት። መላጥያን ማየት የምፈልገው ለዚያ ነው።"

አሁን ሁለታችንም እያለቀስን ነው።

"እና አሰብኩበት" አሉ። "ያቺ ሴት አማርኛ ትችል ነበር?"

"አትችልም።"

"አንቺም አትችዪም። ግን ወሰድሽኝ። ሽማግሌ እልካለሁ።"

እልል አልኩ! ከዚያ ደግሞ ነገሩ ዘግይቶ ገባኝ።

"እትዬ፣ ቆይ... እኔ እኮ አማርኛ እችላለሁ!"

"እሺ የኔ ልጅ" አሉኝ። ሕፃን "ዳቦ" ሲል እንደሚባለው! "አትጨነቂ። እስካሁን ትችያለሽ እየተባለ ነበር የከበደኝ። እንደማትችዪ ቁርጡን ሳውቅ ቀለለኝ። እንደ ውጭ አገር ሰው ካየሁሽ ጎበዝ ነሽ!"

ይኸውላችሁ። ተቀባይነት አግኝቻለሁ። በፈረንጅነት!

ኤርሚ ዜናውን እየላከልኝ ነው። ሻንጣው ተፈትቷል። ደህናው ፒጃማ ወጥቷል። ጋሽ ደሳለኝ ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስረው ቤት ውስጥ ያለውን ድንች በሙሉ ልጠዋል፣ አሁን ካሮት ጀምረዋል፣ የሚያስቆማቸው ጠፍቷል።

ትምህርቴ? የሰውን አነጋገር ከማረማችሁ በፊት ያላችሁበትን ደሴት እወቁ። ይኸው ነው።

ይሄን ልለጥፍ ስል ደግሞ ቮይስ ኖት ገባ። እትዬ አስቴር ናቸው፣ ከኋላ ክርርር ይላል፦ "ቤቲዬ፣ ሽማግሌዎቹ ለእሁድ በዙም ይገባሉ፣ ለአባትሽ ንገሪ። በቀጣዩ ደግሞ ቀርጤስን አሳዪኝ፣ እሺ?"

"እሺ እትዬ!" ብያለሁ። በሙሉ ልብ!

እናቴን ሁለተኛ አልጠይቃትም። ኤርሚን ብጠይቀው ሽማግሌው እሁድ ሳይደርስ ይቀራል።

እና እናንተ አማርኛ የምትችሉ፣ ቶሎ በሉ፣ ጂፒ ልወርድ ጫማዬን አድርጌያለሁ፦ ቀርጤስ ይጎበኛል ወይስ ይገዛል?